ምት ሲቀየር ሙዚቃው እንዳይሰበር

በአንድ ቅንብር ውስጥ ሁለት ሦስት ምት ለማገናኘት የምትታገሉ ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ፤ በተለይ ለመድረክ ውዝዋዜ የምታቀናብሩ። «የብሔረሰቦቹን ጭፈራ በአንድ ሙዚቃ አያይዙልን» ስትባሉ ቅኝቱም የመሣሪያው ምርጫም አንድ መላ ይገኝለታል። የሚያስቸግረው ከአንዱ ምት ወደ ሌላው የምትሻገሩበት ቦታ ነው። እኔ እዚያ ቦታ ላይ ብዙ ለፍቻለሁ፤ ሥራውን ልተወው የተነሣሁበት ጊዜም ነበር። በኋላ መንገዱን ሳገኘው ደግሞ ቀድሞ የነገረኝ ሰው ባለመኖሩ ቆጨኝ። ይህን የምጽፈው ለዚህ ነው።

ሥራው ዘጠኝ ደቂቃ ገደማ የሚሆን የመድረክ ሙዚቃ ነበር። በጉራጊኛ ይጀምራል፣ ወደ ጎንደር እስክስታ ያልፋል፣ ከዚያ ትግርኛ ይገባል፣ መጨረሻ ላይ ወደ ጉራጊኛው ተመልሶ ይዘጋል። የምንለማመደው ፒያሳ አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነበር፤ ድራም፣ ቤዝ፣ ኪቦርድ፣ ማሲንቆ፣ ክራር፣ ከበሮና አንዲት ድምፃዊት። ጉራጊኛውን በ4/4 ጻፍኩት፤ በየባሩ፣ ማለትም በእያንዳንዱ የምት ዙር፣ አራት ሩብ ኖታ አለ ማለት ነው። ችክችካ የሚባለውን የእስክስታውን ምት እንደተለመደው በ6/8 (በባሩ ስድስት ስምንተኛ ኖታ)፣ ትግርኛውን በ5/8 (አምስት ስምንተኛ ኖታ)። ትግርኛን በ5/4 የሚጽፉም አሉ፤ ሁለቱም ያስኬዳል። እኔ 5/8ን የመረጥኩበት ምክንያት ወደ ታች ስትወርዱ ይገባችኋል።

መጀመሪያ የሄድንበት መንገድ ሁሉም ሰው የሚሄድበት ነው። ክፍሉ ሲያልቅ ድራመሩ አንድ ረዘም ያለ ፊል (የመሸጋገሪያ ምት) ይመታል፣ ሁሉም ጸጥ ይላል፣ ከዚያ አዲሱ ምት ይነሣል። ለጆሮ መጥፎ አልነበረም። ተወዛዋዦቹ ሲመጡ ግን ጉዱ ወጣ። ሰውነታቸው ሞቆ ሳለ ሙዚቃው ይቆማል፤ ትከሻቸው አየር ላይ ይቀራል፤ አዲሱን ምት እስኪይዙት ድረስ ሁለት ሦስት ባር ያልፋል። ልምምድ ለማየት የመጡ ጥቂት ሰዎች በየመሀሉ ያለቀ መስሏቸው አጨበጨቡ። ዳይሬክተሩ ዝም ብሎ ከሰማ በኋላ፣ «ሦስት ዘፈን አመጣችሁልኝ፤ እኔ የጠየቅኳችሁ አንድ ነበር» አለን። እውነቱን ነበር። ሙዚቃ ማቆም በራሱ ነውር የለበትም። በየመገናኛው ከቆመ ግን አድማጩ መገናኛውን ይቆጥራል እንጂ ሙዚቃውን አይሰማም።

ቀጥሎ ማቆሙን ትተን ፍጥነቱን ቀስ በቀስ እየጨመርን ለመሻገር ሞከርን። ይህን ጊዜያችሁን አታባክኑበት። ፍጥነቱም ምቱም አንድ ላይ ሲለወጥ ማንም የሚጨብጠው ነገር አይኖረውም።

አሁን አንድ የኮምፒውተር ነገር ልንገራችሁ፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሲሰናከል አይቻለሁ። አብዛኞቹ የሙዚቃ ሶፍትዌሮች ቴምፖን (ፍጥነትን) የሚቆጥሩት በሩብ ኖታ ነው። ጉራጊኛችሁ በደቂቃ 120 ምት እየሄደ ታይም ሲግኔቸሩን (4/4 የሚለውን የምት ምልክት) ብቻ ወደ 6/8 ብትቀይሩት ስምንተኛ ኖታዎቹ በደቂቃ 240 ይሆናሉ። ችክችካ ላይ ግን እግር የሚወድቀው በየሦስት ስምንተኛ ኖታ ነው። 240 ለ3 ሲካፈል 80 ነው። በ120 ሲጨፍር የነበረ ሰው ድንገት 80 ላይ ይወድቃል ማለት ነው። እግሩ በ120 እንዲቀጥል ከፈለጋችሁ 6/8 በሚጀምርበት ባር ላይ ቴምፖውን 180 ብላችሁ ጻፉ። ያኔ ስምንተኛ ኖታዎቹ 360 ይሆናሉ፣ 360 ለ3 ደግሞ 120 ነው። እኛ «ችክችካው ለምን ይንቀራፈፋል?» እያልን ድራመሩን ስንወቅስ ጥፋቱ የኮምፒውተሩ ክሊክ፣ ማለትም ምቱን በጆሯችን የሚቆጥርልን ድምፅ፣ ላይ ነበር።

ቁጥሩ ተስተካክሎም መገናኛው ገና ይሰበር ነበር። ዓይኔን የገለጠልኝ ከክፍላችን በእግር ጥቂት ደቂቃ ብቻ የሚርቀው አራዳ ጊዮርጊስ ነው። ሚያዝያ 23 ለንግሥ ሄጄ ሊቃውንቱ ሲያሸበሽቡ ቆሜ ሰማሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ነገር ነው፤ እንደ አቀናባሪ ሆኜ ሰምቼው ግን አላውቅም ነበር። ቃሉ በቁም ይዜማል። ያው ቃል በዝማሜ መቋሚያው እየተወዛወዘ ይደገማል። ከዚያ ከበሮና ጸናጽል ገብቶ መረግድ ይሆናል፣ መጨረሻ ላይ በጽፋት ይፈጥናል። በመጀመሪያውና በመጨረሻው መካከል ያለው ልዩነት የሰማይና የምድር ያህል ነው፤ ግን የተቆረጠበትን ቦታ ልያዝ ብትሉ አትይዙትም። ምክንያቱም ቃሉ አልተለወጠም። ሰው ቃሉን ይዞ ይሻገራል። የያሬድ ዜማ በታይም ሲግኔቸር የሚለካ አይደለም፤ ልለካውም አልሞከርኩም። ይዤ የወጣሁት ትምህርት አንድ ነው፦ አንድ ነገር ሲለወጥ ሌላ አንድ ነገር ሳይለወጥ መቆየት አለበት።

ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም መገናኛ ስሠራ አስቀድሜ የምጠይቀው «እዚህ ጋ የማይለወጠው ምንድን ነው?» ብዬ ነው። መልሱ ከሦስት አንዱ ነው። ወይ እግሩ የሚወድቅበት ምት አይለወጥም፣ ወይ ትንሿ ኖታ አትለወጥም፣ ወይ ዜማው አይለወጥም። ሁለቱን በአንድ ላይ ማቆየት ከቻላችሁ ደግሞ አድማጩ መሻገሩን የሚያውቀው ከተሻገረ በኋላ ነው።

ከጉራጊኛ ወደ ችክችካ ስንሻገር ያቆየነው እግሩን ነው። 4/4ቱ ሊያልቅ አራት ባር ሲቀረው ክራሩ ብቻ በእያንዳንዱ ምት ላይ ሦስት ሦስት ኖታ፣ ማለትም ትሪፕሌት፣ መምታት ይጀምራል። ድራሙ ገና ጉራጊኛ ላይ ነው። ሁለት ባር ሲቀር የድራመሩ ሃይሃት ከክራሩ ጋር ይቀላቀላል። ያኔ ጆሮ ሳያውቀው ሦስት ሦስት መቁጠር ጀምሯል። 6/8 ሲገባ እነዚያው ትሪፕሌቶች ስምንተኛ ኖታ ይሆናሉ፤ ፍጥነታቸው ቅንጣት አይለወጥም፣ የሚለወጠው ስማቸው ብቻ ነው። እንዲህ ያለውን መሻገሪያ በዘመናዊው የምዕራብ ሙዚቃ ሜትሪክ ሞጁሌሽን ይሉታል፤ አሜሪካዊው ኤልየት ካርተር እ.ኤ.አ. በ1948 በጻፈው የቼሎ ሶናታ በሰፊው ሠርቶበታል። የእኛ ግን ከዚያ በጣም የቀለለ ነው፤ አራት ባር ዝግጅት ይበቃዋል። ከአራት ካነሰ ተወዛዋዡ አይሰማውም፣ ከስምንት ከበለጠ ጉራጊኛው ጣዕሙን ያጣል።

ከችክችካ ወደ ትግርኛ መሻገሩ ግን ብዙ አለፋን። ከሁሉም በላይ የምወደውም እሱን ነው። እዚህ እግሩን ማቆየት አይቻልም፤ ችክችካ ሦስት እና ሦስት ነው፣ ትግርኛው ሦስት እና ሁለት። ስለዚህ የምትቆየው ትንሿ ኖታ ናት። በ360 ፍጥነት መሄዷን ትቀጥላለች፤ ከየባሩ መጨረሻ አንዷ ብቻ ትቀነሳለች። 5/8ን የመረጥኩት ለዚህ ነው፤ ከ6/8 ጋር በአንድ ዓይነት ኖታ ስለሚቆጠር በወረቀቱ ላይም ዝምድናቸው ይታያል። ሩሲያዊው ሙሶርግስኪ እ.ኤ.አ. በ1874 ለፒያኖ የጻፈው «ሥዕሎች በኤግዚቢሽን» መክፈቻ ላይ 5/4 እና 6/4 እየተፈራረቁ ይሄዳሉ፤ በኤግዚቢሽኑ አዳራሽ ውስጥ የሚራመድ ሰው ነው የሚያሳየን፣ ሩብ ኖታዋ ስለማትለወጥ አካሄዱ አይደናቀፍም። ስሙት፤ ብዙ ታገኙበታላችሁ።

በሐሳብ ደረጃ ይህ ቀላል ነው። በልምምድ ግን ከበሮ መቺያችን፣ ዕድሜያቸው የገፋ በሙያው ያረጁ ሰው፣ «አንድ ሁለት ሦስት አራት አምስት» እያልኩ ስቆጥርላቸው እጃቸውን ከከበሮው ላይ አነሡ። «ልጄ፣ እኔ በቁጥር መትቼ አላውቅም። ቃል ስጪኝ» አሉ። ጋሼ ያን ያሉት በቁጣ አልነበረም፣ እርዳታ ነበር የጠየቁኝ። ማታ ከፒያሳ ወደ አራት ኪሎ በራስ መኮንን ድልድይ በኩል በእግሬ ስሄድ የመሣሪያዎቹን ስም እየደጋገምኩ እረግጥበት ጀመር። «ከበሮ» ስትሉ ሦስት ነው፦ ከ፣ በ፣ ሮ። «በገና»ም ሦስት ነው። «ዋሽንት» ግን ሁለት ነው፦ ዋ፣ ሽንት። ስለዚህ «ከበሮ በገና» 6/8 ነው፤ «ከበሮ ዋሽንት» 5/8 ነው። 7/8 የምትፈልጉ ካላችሁ «ዋሽንት ዋሽንት ከበሮ» በሉ። በማግስቱ ለጋሼ «ከበሮ በገና፣ ከበሮ በገና፣ ከበሮ ዋሽንት፣ ከበሮ ዋሽንት» ብዬ ሳሰማቸው አንገታቸውን ነቅንቀው መቱት። ሌሎቹም ቁጥሩን ትተው ወደ ቃሉ መጡ። ማንበብ የማይችልም የሚችልም ሙዚቀኛ አብረው በሚሠሩበት ባንድ ይህ ዘዴ ወርቅ ነው።

ይህ ነገር ደግሞ ወደ ግጥሙ መራኝ። ትምህርት ቤት የተማርነውን ታስታውሱ ይሆናል፤ የወል ቤት ግጥም ሐረጉ ስድስት ስድስት ቀለም (ክፍለ ቃል) ነው፣ ሰንጎ መገን አምስት አምስት። ስድስትና አምስት! ጆሯችን ከስድስት ወደ አምስት መሻገርን ከሙዚቃው በፊት በግጥም ያውቀዋል። ድምፃዊቷ በችክችካው ላይ የምትዘፍነውን አዝማች በየወል ቤት አደረግነው፦

ናና ወደ ቤቴ፣ ሳይመሽብህ ቀኑ

ትግርኛው ምት ሲገባ ያንኑ አዝማች አንድ አንድ ቀለም ቀንሳ በሰንጎ መገን ትለዋለች፦

ና ወደ ቤቴ፣ ይመሻል ቀኑ

ከፊተኛው ሐረግ አንዲት «ና» ብቻ ናት የወደቀችው። ሁለተኛው ሐረግም በልክ አምስት ሆነ። እያንዳንዱ ቀለም በአንዲት ስምንተኛ ኖታ ላይ ሲያርፍ ዘፋኟ መቁጠር ሳያስፈልጋት ሙዚቃውን ከ6/8 ወደ 5/8 አሻገረችው። ባንዱ እሷን ተከተለ። እንደ ሊቃውንቱ ቃሉ እኛንም አሻገረን። መጀመሪያ በዚህ መልክ ስናልፈው ክፍሉ ውስጥ ያለነው ሁሉ እርስ በርስ ተያየን፤ ማንም ትንፍሽ አላለም፣ ሙዚቃው ግን ቀጥሏል። ግጥም ያለበት ሥራ ካላችሁ መገናኛችሁን ከድራሙ በፊት ግጥሙ ውስጥ ፈልጉት። ቀለሙን ጮክ ብላችሁ ቁጠሩ፤ ሳድስ ፊደል ሁሉ ቀለም እንደማይሆን አትርሱ፣ በዓይን ስትቆጥሩ ያሳስታችኋል።

ዜማውን በተመለከተ ደግሞ፦ ስትቀንሱ ከጅራቱ ቀንሱ። የዜማው ጠንካራ ኖታ የሚወድቀው የፊተኛው ሦስት ላይ ከሆነ ያን አትንኩ። ማሲንቆው በ6/8 መጨረሻ ላይ ይዞት የነበረውን ረጅም ኖታ በ5/8 በአንድ ስምንተኛ አሳጠርነው፤ ሌላው እንዳለ ቀረ። የመጀመሪያው ሐሳቤ ለትግርኛው አዲስ ዜማ መጻፍ ነበር፤ ጽፌውም ነበር፣ ቆንጆም ነበር። ግን ምትም ዜማም አንድ ላይ ሲለወጥ ወደ «ሦስት ዘፈን» ይመልሰናል ብዬ ተውኩት። አዲስ ዜማ ካላችሁ ከመገናኛው በኋላ ቢያንስ ስምንት ባር አቆዩት፤ ሰው አዲሱን ምት ከለመደ በኋላ ይምጣ።

ስለ ክሊክ ጥቂት ልበል። ከክሊክ ጋር የምትጫወቱ ከሆነ የባሩን መጀመሪያ ከፍ ባለ ድምፅ የሚመታውን አጥፉት፤ ሁሉም ስምንተኛ ኖታ እኩል ድምፅ ይኑረው። የክሊኩ ጠንካራ ምት ከዘፋኟ ቀድሞ ሲቀየር ባንዱ ለሁለት ይከፈላል፤ ገሚሱ ጆሮው ውስጥ ያለውን ይከተላል፣ ገሚሱ ጎኑ ያለውን። አንድ ምሽት መብራት ጠፍቶብን በከበሮ፣ በማሲንቆና በድምፅ ብቻ ስንለማመድ መገናኛው ከዚያ በፊት ሆኖ በማያውቀው ልስላሴ አለፈ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እያንዳንዱን መሻገሪያ መጀመሪያ ያለ ኤሌክትሪክ እንለማመደዋለን። መሻገሩን የሚያሳይም አንድ ሰው ብቻ ይሁን። እኛ ጋ ጋሼ ነበሩ፤ ሁለት ባር ሲቀር ቀና ይላሉ፣ ሁሉም እሳቸውን ያያል። ድራመሩም ኪቦርዱም በየፊናቸው ምልክት መስጠት ሲጀምሩ ያየሁትን መደናገር አልመኝላችሁም።

የምትጽፉ ከሆነ ደግሞ አዲሱ ታይም ሲግኔቸር በአዲስ መስመር መጀመሪያ ላይ ከወደቀ በፊተኛው መስመር መጨረሻ ላይም ይታይ፤ አንባቢው ገጽ ሲገልጥ አይደንግጥ። ከባሩ በላይ ደግሞ ምን ከምን እኩል እንደሆነ ጻፉ፤ ስምንተኛ ኖታ እኩል ይሆናል ስምንተኛ ኖታ፣ ወይም ሩብ ኖታ እኩል ይሆናል ነጥብ ያለው ሩብ ኖታ። ያቺ ትንሽ ምልክት ከሌለች ሁለት ጎበዝ ሙዚቀኞች አንዱን ወረቀት በሁለት ፍጥነት ይጫወቱታል፣ ሁለቱም ትክክል ናቸው።

ለተወዛዋዦቹ የሠራነው ሌላ ነው። እነሱ ባር አይቆጥሩም፤ ስለዚህ አሠልጣኛቸው የመጨረሻውን የእስክስታ ንቅናቄ ትንሽ እያሳነሱ እንዲያመጡትና የትግርኛውን እርምጃ ትከሻቸው ገና ሳያርፍ በእግራቸው እንዲጀምሩት አደረገች። ሰውነትም እንደ ዜማው አንዱን ይዞ ሌላውን መልቀቅ አለበት። አቀናባሪ ሆናችሁ ልምምዱን ከወንበር ላይ ብቻ አትዩ፤ ተነሡና ከኋላቸው ሆናችሁ አብራችሁ ርገጡ። እግራችሁ የሚጠራጠርበት ባር ካለ ችግሩ እዚያ ባር ላይ ነው።

የቀረን መመለሻው ነበር፤ ከትግርኛው 5/8 ወደ ጉራጊኛው 4/4። ይህ ከመሄዱ ይከብዳል፣ ምክንያቱም አምስትን ለሦስት ማካፈል አይቻልም። መፍትሔው ጊዜ መስጠት ነው። 12 ባር 5/8 ሲደመር 60 ስምንተኛ ኖታ ነው። 60 ለ3 ሲካፈል 20 ምት ይሰጣል፤ 20 ምት ደግሞ ልክ አምስት ባር 4/4 ነው። ስለዚህ በመጨረሻዎቹ 12 ባሮች ከበሮውና ድምፃዊቷ ትግርኛውን ሳይለቁ ቤዙ ብቻ ከሥር በየሦስት ስምንተኛ ኖታ አንዴ መርገጥ ይጀምራል፤ ያ ርምጃ የጉራጊኛው 120 ራሱ ነው። ለዐሥር ሰከንድ ያህል ሁለት ምት አንዱ በሌላው ላይ ይሄዳል፤ አድማጩ የሆነ ነገር እየመጣ እንደሆነ ይሰማዋል፣ ምን እንደሆነ ግን አያውቅም። በ13ኛው ባር መጀመሪያ ላይ ሁሉም አንድ ቦታ ይወድቃሉ፣ ጉራጊኛውም ይነሣል።

በመድረኩ ቀን እዚያ ቦታ ላይ የሰማሁት ጭብጨባ በመሀል አልተቆረጠም፤ ከጉራጊኛው ጋር አብሮ ቀጠለ። ይህን የ12 ባር መንገድ የምትሞክሩ ከሆነ ቤዝ የሚጫወተው ሰው ከበሮውን እንዳይሰማ አድርጋችሁ ለብቻው አለማምዱት፤ ቤዙን በስልክ ቅዱና ሌሎቹ በቅጂው ላይ እንዲጫወቱ አድርጉ። ድራመሩንም እስከ 12ኛው ባር መጨረሻ ድረስ ቤዙን እንዳይከተል አስቀድማችሁ ንገሩት፤ አንዴ ከተከተለው ከበሮው ብቻውን ይቀራል። መጀመሪያ በዝግታ፣ ስምንተኛ ኖታዋ 180 ላይ ሆና ሥሩት፤ ያኔ 12ቱ ባሮች 20 ሰከንድ ይወስዳሉ፣ መገናኛውም ከሩቅ ሲመጣ ይሰማችኋል።